አዲስ የኳንተም ማግኔት ፌዝ በግፊት ለመስራት የትኛው ፕሬስ ይሻላል?

ብዙ ሰው ስለ ሃይ-ፕሬሸር ሲንተሲስ (ማቴሪያልን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት መስራት) ሲያወራ መጀመሪያ ሚጠይቀው "ማሽኑ ስንት ጊጋፓስካል ይደርሳል?" ብሎ ነው። በኔ እይታ ጥያቄው ተገልብጧል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ሰርቼ ሳወጣው በምን ልለካው ነው፣ ለዛስ ስንት ሚሊግራም ይበቃኛል?" የሚለው ነው፣ ግፊቱ ከዛ በኋላ ይመጣል። ለምን መሰላችሁ፣ ግፊት ማለት ያው ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነው፣ 1 ጊጋፓስካልን 1 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ለማሳረፍ ወደ 10 ቶን ሚመዝን ጭነት ይፈልጋል፣ ስለዚ ያንኑ ፕሬስ ይዛችሁ ግፊት ጨመራችሁ ማለት ሳምፕሉን አሳነሳችሁ ማለት ነው፣ ሁለት ወዶ አይሆንም። (ከዚ በኋላ በአጭሩ "ጊጋ" እያልኩ ነው ምቀጥለው፣ 1 ጊጋ ወደ 10 ሺህ አትሞስፌር ይጠጋል።)

ግፊት ለኳንተም ማግኔት (የአተሞቹ ትንንሽ ማግኔቶች፣ ማለትም ስፒኖቹ፣ በኳንተም ህግ ሚመሩበት ማቴሪያል) ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሁሌ ምጠቅሰው ምሳሌ አለ። 3 ባሪየም፣ 1 ኒኬል፣ 2 አንቲሞኒ፣ 9 ኦክስጅን ያለበት ኦክሳይድ ነው። በተራ ፈርነስ ስትሰሩት 6ኤች-ኤ ሚባለው ፌዝ (አንድ አይነት የአተሞች አሰላለፍ) ይወጣል፣ እሱ 13.5 ኬልቪን ላይ ስፒኖቹ ተሰልፈው አንቲፌሮማግኔት (ስፒኖቹ እርስ በርስ ሚጣፉበት ማግኔት) ይሆናል፣ በቃ ተራ ነገር ነው። ያንኑ ፎርሙላ 3 ጊጋ ላይ ስትሰሩት 6ኤች-ቢ የሚባል ሌላ አሰላለፍ ይወጣል፣ 9 ጊጋ ላይ ደሞ ኪዩቢክ የሆነው 3ሲ ይመጣል፣ እና የእነዚህ የሁለቱ ስፒኖች እስከ 0.35 ኬልቪን ድረስ ቢቀዘቅዙም አይሰለፉም። በ2011 ይሄ ሲወጣ ሁለቱም ስፒናቸው 1 የሆነ የስፒን ሊኩዊድ (ስፒኖቹ ምንም ቢቀዘቅዙ ማይሰለፉበት ሁኔታ) እጩዎች ተባሉ። አንድ ፎርሙላ፣ ሶስት ክሪስታል፣ ሶስት የተለያየ ፊዚክስ ማለት ነው። ሲጨመቅ አተሞቹ ጠበብ ብለው ሚቀመጡበት ስትራክቸር ይመረጣል፣ በተለይ ባሪየም ያለባቸው ኦክሳይዶች ላይ ኦክታሄድሮኖቹ (ብረቱን የከበቡት ስድስት ኦክስጅኖች ሚሰሩት ስምንት ፊት ያለው ቅርጽ) ፊት ለፊት ተጣብቀው ከሚገኙበት ሄክሳጎናል አይነት ወደ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ሚነካካው ኪዩቢክ ፔሮቭስካይት ይሄዳሉ፣ ያ ደሞ ስፒን ከስፒን ሚነጋገርበትን መንገድ ከስሩ ይቀይረዋል። ባሪየም ሩቴኔትም (የባሪየምና የሩቴኒየም ኦክሳይድ) እንደዛው ነው፣ 9አር፣ 4ኤች፣ 6ኤች እያለ በግፊት ይሄድና 18 ጊጋ ላይ 3ሲ ይሆናል፣ እሱም 60 ኬልቪን ላይ ፌሮማግኔት (ስፒኖቹ ባንድ አቅጣጫ ሚሰለፉበት) ሆኖ ተገኘ።

ልብ በሉ፣ 3፣ 9፣ 18። የማሽን ምርጫው እዚ ቁጥር ላይ ነው ሚወሰነው፣ ግን ወደሱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር።

እውነት ፕሬስ ያስፈልጋችኋል?

ሁለት የተለያዩ ስራዎች ሁሌ ይምታታሉ። አንደኛው ያለውን ክሪስታል ጨምቆ፣ እንደተጨመቀ መለካት ነው። ሁለተኛው በግፊትና በሙቀት አዲስ ፌዝ ሰርቶ፣ ባንዴ አቀዝቅዞ፣ ግፊቱን ለቆ ወደ ውጪ ማውጣት ነው። ስትሮንሽየም ኮፐር ቦሬትን (ሻስትሪ-ሰዘርላንድ ሚባለው የስፒን ሞዴል ሲነሳ ሁሌ ሚጠራው) ብትወስዱ ወደ 2 ጊጋ አካባቢ ዳይመር (ስፒኖቹ በጥንድ የተያዙበት) የነበረው ፕላኬት (በአራት በአራት የተያዙበት) ወደሚባል ሁኔታ ይገባል፣ ግፊቱን ስትለቁ ግን ይመለሳል፣ ስለዚ እዛ ጋ ሲንተሲስ ሚባል ነገር የለም፣ ትንሽ የግፊት ሴል ነው ሚያስፈልገው። ግፊት ሁሌ ወዳጅ ነው ብላችሁም አታስቡ፣ አልፋ ሩቴኒየም ክሎራይድ ለኪታየቭ ፊዚክስ (አንድ የታወቀ የስፒን ሊኩዊድ ሞዴል) ስንት የተባለለት ማቴሪያል 1 ጊጋ እንኳን ሳይሞላ ሩቴኒየሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣመሩና ማግኔቲዝሙ ይሞታል።

አዲስ ፌዝ መስራት ነው ምፈልገው ካላችሁም ያለ ፕሬስ ሚሆኑ መንገዶች አሉ። ፔሮቭስካይት የሆነው ስትሮንሽየም ኢሪዴት (የስትሮንሽየምና የኢሪዲየም ኦክሳይድ) በባልክ (በፊልም ሳይሆን በወፍራሙ) ሲሰራ 5 ጊጋ አካባቢ ይጠይቃል፣ ግን ስትሮንሽየም ታይታኔት ላይ በቀጭን ፊልም ካሳደጋችሁት ሰብስትሬቱ (ፊልሙ ያረፈበት ክሪስታል) ራሱ ይዞ ያቆመዋል፣ ፕሬስ ሚባል የለም። ችግሩ ፊልሙ ናኖሜትሮች ብቻ ስለሆነ በኒውትሮን መለካት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፣ ማግኔታይዜሽን ስትለኩም የሰብስትሬቱ ሲግናል ይውጠዋል። ሌላው አዮን መለዋወጥ ነው፣ አልፋ ሊቲየም ኢሪዴትን አሲድ ውስጥ ከትታችሁ ሊቲየሙን በሃይድሮጅን ስትተኩት የሚወጣው ማቴሪያል እስከ 0.05 ኬልቪን አልተሰለፈም፣ 2018 ላይ የወጣ ነው፣ ያለ ምንም ቶን። ሃይድሮተርማልም (ታሽጎ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ መስራት) አለ፣ ኸርበርትስሚታይት (የታወቀ የስፒን ሊኩዊድ እጩ ሚነራል) ላብ ውስጥ የተሰራው (2005) በሱ ነው፣ ስሙ ሃይ-ፕሬሸር ይመስላል እንጂ 200 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በራሱ ትነት ሚፈጥረው ግፊት 15 ባር ገደማ ነው፣ ከፕሬስ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው። ኮፐርና ሃይድሮክሳይድ ያለበት ማቴሪያል ከሆነ ዒላማችሁ ከዚ አትውጡ፣ ፕሬስ ውስጥ 1000 ዲግሪ ስታስገቡት ውሃውን ይተፋዋል።

"ኬሚካል ፕሬሸር እጠቀማለሁ" ሚሉም አሉ፣ ማለትም ትልቁን አዮን አውጥቶ ትንሽ መተካት። አሪፍ ሀሳብ ነው፣ ግን አንዳንዴ ዞሮ ዞሮ ፕሬሱ ጋ ያመጣችኋል። ፓይሮክሎር ሚባለው ስትራክቸር ላይ ታይታኒየምን በጀርማኒየም መተካት ስትፈልጉ ጀርማኒየሙ ስለሚያንስ በተራ ግፊት ሌላ ስትራክቸር ነው ሚወጣው፣ ፓይሮክሎሩ የሚመጣው ተጨምቆ ብቻ ነው። ዋጋ ግን ነበረው፣ ዲስፕሮሲየምና ሆልሚየም ያለባቸው አዲስ ስፒን አይስ (ስፒኖቹ በበረዶ ውስጥ እንዳሉ ሃይድሮጅኖች ሚደረደሩበት) ሆኑ፣ ኢተርቢየም ያለበት ደሞ ከታይታኔቱ ፌሮማግኔት ጠባይ ወጥቶ 0.6 ኬልቪን አካባቢ አንቲፌሮማግኔት ሆነ።

ከመለኪያው ጀምሩ

በግምት እንዲህ ያዙት። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ጥቂት ሚሊግራም ይበቃዋል፣ ሲንክሮትሮን (ግዙፍ የኤክስሬይ ምንጭ) ላይ ከሆነ ከዛም ያነሰ። ሂት ካፓሲቲ ጥቂት ሚሊግራም። ስኩዊድ (ደቃቅ ማግኔቲዝም ሚለካ መሳሪያ) ላይ ማግኔታይዜሽን ከ10 እስከ 50 ሚሊግራም ፓውደር ካላችሁ በምቾት ይሰራል። ሙዮን (ሙዮን ሚባሉ ቅንጣቶች ሳምፕሉ ውስጥ ገብተው ማግኔቲዝሙ ሚታይበት ዘዴ) አብዛኛውን ጊዜ መቶ ሚሊግራሞችን ይጠይቃል። ኒውትሮን ዲፍራክሽን 1 ግራም ገደማ፣ ኢንኢላስቲክ ኒውትሮን (ኒውትሮኑ ከሳምፕሉ ጋር ስንት ኢነርጂ እንደተለዋወጠ ሚለካበት) ሲሆን ግን በርካታ ግራም ነው፣ እና የስፒን ሊኩዊድ ሰው በመጨረሻ ሚፈልገው እሱኑ ነው፣ ምክንያቱም "አልተሰለፈም" ማለት ብቻውን ማንንም አያሳምንም፣ ኤክሳይቴሽኑ (ስፒኖቹ ኢነርጂ ሲያገኙ ሚነቃነቁበት መንገድ) መታየት አለበት።

አሁን ይሄን ከፕሬስ ጋር አስተያዩት። አንድ ራን (አንድ ዙር የፕሬስ ስራ) 40 ሚሊግራም ሚሰጣችሁ ከሆነ 4 ግራም ለመሰብሰብ መቶ ራን ነው። መቶ! አንዱን በቀን ብትሰሩ እንኳን (አትሰሩም) ከሶስት ወር በላይ ያለ እረፍት ነው፣ በዛ ላይ እያንዳንዱ ራን አንድ አይነት መሆኑን ማረጋገጥ አለ።

ኢሪዲየም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ኢሪዲየም ራሱ ኒውትሮንን ስለሚውጥ የኢሪዴት ሰዎች ብዙ ጊዜ ሪክስ ወደሚባለው የኤክስሬይ ዘዴ ይሄዳሉ፣ 11.2 ኪሎኤሌክትሮንቮልት አካባቢ፣ ለሱ ደሞ ከሚሊሜትር በታች የሆነ አንድ ትንሽ ክሪስታል ይበቃል። ስለዚ ኢሪዴት ከሆነ ትንሽ ሳምፕል ሚሰጥ ማሽን ችግር አይደለም፣ ኒኬል ወይ ኮባልት ከሆነ ግን ችግር ነው። የአንድ ኤለመንት ልዩነት የማሽን ምርጫውን ሲገለብጥ ማለት ነው።

ማሽኖቹ

ፒስተን-ሲሊንደር። ቦይድና ኢንግላንድ በ1960 ያወጡት ዲዛይን ዛሬም በየላቡ አለ። ጣሪያው 3 ወይም 4 ጊጋ ነው፣ ከዛ በላይ የተንግስተን ካርባይዱ ኮር ይሰነጠቃል። ግን ሳምፕሉ ትልቅ ነው፣ እንደ ቦረቦሩ ስፋት በመቶዎች ሚሊግራም አንዳንዴም ከዛ በላይ ታወጣላችሁ፣ ሙቀቱ የተረጋጋ ነው፣ ለቀናት ዝም ብሎ ይሰራል፣ ቀስ አድርጎ በማቀዝቀዝ በፍለክስ (ማቴሪያሉን በሚያሟሟ ቅልጥ) ክሪስታል ለማሳደግም ይመቻል። ዒላማችሁ 3 ጊጋ ላይ ከሆነ (ለምሳሌ ያ 6ኤች-ቢ) ሌላ ማሽን አትመልከቱ። "መልቲ-አንቪል አለን እኮ" ብሎ 3 ጊጋውን እዛ ሚሰራ ሰው አለ፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ ሩብ ሳምፕል ለማግኘት እጥፍ መልፋት ነው።

ቤልትና ኪዩቢክ አንቪል (አንቪል ማለት ሳምፕሉን ሚጨምቀው ጠንካራ ብሎክ ነው)። ቤልት ማለት ትሬሲ ሆል ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ በታህሳስ 1954 በፈረንጆቹ አልማዝ የሰራበት ነው። ከ5 እስከ 8 ጊጋ ያለው ሰፈር የነሱ ነው፣ ሳምፕሉም በመቶዎች ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። የጃፓኑ ቱኩባ ያለው ብሔራዊ የማቴሪያል ኢንስቲትዩት ቤልት ያለምክንያት አይደለም የታወቀው፣ የአለም የግራፊን ሰዎች ሚጠቀሙበት ቦሮን ናይትራይድ ክሪስታል በብዛት ከዛ ነው የሚሄደው፣ ሶዲየም ኦስሜት ፔሮቭስካይትም (410 ኬልቪን ላይ ማግኔት ሲሆን አብሮ ኢንሱሌተር ሚሆነው) እዛው 6 ጊጋ ላይ ነው የተሰራው። ለኔ ለኳንተም ማግኔት ምርጡ መካከለኛ ምርጫ ይሄ ነው፣ ችግሩ ማሽኑ ግዙፍ ስለሆነ በየዩኒቨርሲቲው አይገኝም፣ ያላቸውም ቢሆኑ ወረፋው ረጅም ነው። ኦስሚየም ካነሳን አይቀር፣ ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ በቀላሉ ሚተን በጣም መርዛማ ነገር ነው፣ ስለዚ ኦስሜት በግፊት ሚሰራበት አንዱ ምክንያት ካፕሱሉ (ሳምፕሉ ሚገባበት ትንሽ እቃ) ታሽጎ ስለሚይዘው ነው፣ ስትከፍቱት ግን ፊውም ሁድ ውስጥ ይሁን።

መልቲ-አንቪል። ካዋይና ኤንዶ 1970 ላይ ያስተዋወቁት፣ ዎከር ደሞ 1990 ላይ ቀለል አድርጎ ያቀረበው ነው፣ አሁን ብዙ ላብ ያለው የዎከሩ አይነት ነው። ስምንት የተንግስተን ካርባይድ ኪዩቦች ጥግ ጥጋቸው ተቆርጦ መሃል ላይ አንድ ኦክታሄድሮን ያቅፋሉ። ሰዎች "18/11"፣ "14/8"፣ "10/5" ሲሉ ግራ አይግባችሁ፣ የመጀመሪያው የኦክታሄድሮኑ ጠርዝ በሚሊሜትር ነው፣ ሁለተኛው የኪዩቡ ጥግ የተቆረጠበት ስፋት ነው። 18/11 እስከ 9 ወይም 10 ጊጋ፣ 14/8 ወደ 14 ወይም 15፣ 10/5 ደሞ ወደ 20 ይወስዳችኋል፣ ሳምፕሉ ግን ከበርካታ አስር ሚሊግራም ወደ ጥቂት ሚሊግራም ይወርዳል።

ስራው እጅ ይፈልጋል። የማግኒዢየም ኦክሳይዱን ኦክታሄድሮን ትበሱታላችሁ፣ ዚርኮኒያ ሽፋን ታስገባላችሁ ሙቀቱ እንዳያመልጥ፣ ከዛ ሂተሩ፣ ከዛ ማግኒዢየም ኦክሳይድ እጅጌ፣ ከዛ ካፕሱሉ፣ በጎን ወይ በላይ የቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ሽቦ ይገባል፣ እሱ ሽቦ ጋስኬቱ (በኪዩቦቹ መሃል ሚገባው ማሸጊያ) ስር ሲያልፍ ከተቆረጠ ሙቀቱን በፓወር ብቻ እየገመታችሁ ነው ምትጨርሱት። ሂተሩ ላይ ሚረሳ ነገር አለ፣ ግራፋይት ርካሽና አሪፍ ነው ግን ወደ 10 ጊጋ ተጠግታችሁ ስታሞቁት ራሱ አልማዝ እየሆነ ኮረንቲ ማስተላለፍ ያቆማል፣ ስለዚ ከዛ በላይ ላንታነም ክሮማይት ወይም ሬኒየም ነው። ፓይሮፊላይት ጋስኬቶቹን ኪዩቦቹ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ስምንቱን ትገጥማላችሁ፣ ከዛ ግፊቱን ለሰዓታት ቀስ እያላችሁ መጨመር ነው።

ስታወርዱት ደሞ ከመጨመሩ በላይ ቀስ ማለት አለባችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢወርድ ይመረጣል። ብሎውአውት ሚባለው፣ ጋስኬቱ ባንዴ ሾልኮ ግፊቱ በጩኸት ሚወጣው ነገር፣ ሲወርድም ይከሰታል፣ ብዙ ሰው ሙቀቱን ካጠፋ በኋላ አለቀ ብሎ ይዘናጋል። አንድ ብሎውአውት ኪዩቦቹን ሊሰባብር ይችላል፣ እና ኪዩብ ርካሽ አይደለም።

ዳይመንድ አንቪል ሴል። ከ1958 እና 1959 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ኪስ ውስጥ ሚገባ፣ ከ100 ጊጋ በላይ በቀላሉ ሚሄድ፣ በሌዘር ሚሞቅ፣ ግፊቱም በሩቢ ብርሃን ሚነበብ። የሳምፕሉን መጠን ግን አስሉት፣ 100 ማይክሮሜትር ስፋትና 30 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ቀዳዳ ሙሉ ኦክሳይድ ብታስገቡ 1.5 ማይክሮግራም እንኳን አይሞላም። ከዛ ላይ ሌዘሩ ሚያሞቀው መሃሉን ብቻ ነው፣ ዳርና ዳሩ ሌላ ፌዝ ነው። ስለዚ ይሄ ፌዝ መፈለጊያ እንጂ ፌዝ መስሪያ አይደለም። እንደ መፈለጊያ ግን ሚስተካከለው የለም፣ ሲንክሮትሮን ላይ አስቀምጣችሁ ግፊትና ሙቀት እየቀያየራችሁ ምን እንደሚወጣ በቀጥታ ታያላችሁ፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ፌዙ ይቆያል ወይስ ይፈርሳል ሚለውንም እዛው ታውቃላችሁ። ሚፈርስ ከሆነ ፕሬስ ላይ ወር ከመጨረስ ያድናችኋል።

ካፕሱሉ፣ ብዙ ራን ሚበላሽበት ቦታ

ማሽን መምረጥ ላይ ያን ያህል ሚጨነቅ ሰው ካፕሱሉን ሳጥን ውስጥ ያለውን አንስቶ ይጠቀማል፣ ይሄ ያናድደኛል። ፕላቲነም 1768 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከአንዳንድ ኦክሳይዶች ጋር ይዋሃዳል፣ ሳምፕላችሁ ውስጥ ፕላቲነም የገባበት ፌዝ ሊወጣ ይችላል። ወርቅ ይበልጥ ገለልተኛ ነው፣ መቅለጫው በተራ ግፊት 1064 ዲግሪ ቢሆንም ግፊት ሲጨምር እሱም ከፍ ይላል፣ ስለዚ ከ1000 በታች ለሚሰራ ነገር እኔ ወርቅ ነው ምመርጠው። ቦሮን ናይትራይድ ለመስራት ቀላል ነው፣ ግን በተለይ ከግራፋይት ሂተር ጋር ሲሆን አካባቢው ኦክስጅን ይቀማል፣ የኮፐር 2+ ማቴሪያል አስገብታችሁ ውስጡ ቀይ የኮፐር ብረት ካገኛችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ቦሮን ደሞ ኒውትሮን ይውጣል፣ ቅንጣቱ ሳምፕሉ ውስጥ ከቀረ ኋላ ላይ ያስከፍላችኋል።

ከፍ ያለ ኦክሲዴሽን ስቴት ከፈለጋችሁ (ኒኬል 3+፣ ኢሪዲየም 5+ ምናምን) ፖታሲየም ፐርክሎሬት አብሮ ማስገባት የተለመደ ነው፣ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቅና ፖታሲየም ክሎራይድ ይቀራል፣ እሱን በውሃ ማጠብ ነው። ከሳምፕሉ ጋር ከመደባለቅ ለይታችሁ በሌየር ብታስቀምጡት ይሻላል፣ ፖታሲየሙ ስትራክቸሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሳምፕላችሁ ውሃ ሚጠላ ከሆነ ደሞ ሌላ ዘዴ ፈልጉ።

እንግዲህ የቱን?

ያለ ፕሬስ ሚሆን ከሆነ ያለ ፕሬስ። ዒላማው 4 ጊጋ ሳይሞላ ሚወጣ ከሆነ ፒስተን-ሲሊንደር፣ ያለምንም ክርክር። ከ4 እስከ 8 ሆኖ ኒውትሮን ምትፈልጉ ከሆነ ወረፋም ቢኖረው ቤልት ወይም ኪዩቢክ ያለው ሰው ፈልጉና ተባበሩ፣ ኒውትሮን ማትፈልጉ ከሆነ ግን 18/11 ያለው የዎከር ማሽን ይበቃል። ከ8 በላይ ከሆነ መልቲ-አንቪል ብቻ ነው፣ እና ፕሮፖዛሉ ላይ ከመጀመሪያው "ሂት ካፓሲቲ፣ ስኩዊድና ሲንክሮትሮን" ብላችሁ ጻፉ፣ ኢንኢላስቲክ ኒውትሮን ብላችሁ አትፎክሩ። 25 ጊጋን ሚያልፍ ነገር ከሆነ ዳይመንድ አንቪል ነው፣ ያኔ ስራው ሲንተሲስ መሆኑ ቀርቶ በግፊት ስር መለካት ይሆናል።

ማሽኑ የግድ የራሳችሁ መሆን የለበትም። ጀርመን ባይሮይት ያለው የጂኦሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ጃፓን ኤሂሜ ዩኒቨርሲቲ፣ አሜሪካ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ መልቲ-አንቪል ያላቸው ትልልቅ ቦታዎች ናቸው። አብዛኞቹን ትልልቅ ፕሬሶች የሰሩት የምድርን ውስጥ ሚያጠኑ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚ ከማግኔት ሰፈር ስትመጡ ቋንቋው ትንሽ ይለያል፣ እነሱ ስለ ማንትል ሚነራል ሲያወሩ እናንተ ስለ ስፒን ታወራላችሁ፣ ግን ካፕሱልና ጋስኬት ላይ ከነሱ በላይ ሚያውቅ አታገኙም።

የሰው ሪሲፒ ስትደግሙ ደሞ ግፊቱን እንዳለ አትውሰዱት። ፕሬሶች ካሊብሬት ሚደረጉት ቢስመዝ 2.55 ጊጋ ላይ፣ ባሪየም 5.5 ጊጋ አካባቢ ሲቀየር በማየት ነው፣ ያ ግን በክፍል ሙቀት ነው፣ ውስጡ 1000 ዲግሪ ሲሆን ሴሉ ይለሰልስና እውነተኛው ግፊት ይለያያል፣ ለዛ ነው ኳርትዝ ወደ ኮኤሳይት፣ ኮኤሳይት ወደ ስቲሾቫይት (ሶስቱም የሲሊካ ፌዞች ናቸው) ሚቀየርበትን በሙቀት ላይ ማየት የሚያስፈልገው። አንዱ ላብ "6 ጊጋ" ያለው በናንተ ማሽን 5.5 ሊሆን ይችላል፣ ፌዙ ድንበር ላይ ያለ ከሆነ ደሞ ግማሽ ጊጋ ማለት ንጹህ ሳምፕልና ቅልቅል ማለት ነው። መጀመሪያ ግማሽ ጊጋ ከታች፣ ልክ እሱ ላይ፣ ግማሽ ጊጋ ከላይ ሞክሩ፣ ከእያንዳንዱ ካፕሱል ከመሃልም ከጫፍም ቆንጥራችሁ ለየብቻ ዲፍራክሽን አድርጉ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ሙቀት ከመሃሉ ስለሚያንስ ሁለቱ የተለያየ ፌዝ ሆነው ሲገኙ ብርቅ አይደለም።